ለምናልባቱ

ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ተዘርግቷል መንገዱ፤
ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ካልሲው፣ ገመዱ፣
ትርፍ ከመነዳሪ፣ የካቴና ዘይት፣ ራጂና መፍቻ፣
የተቆላ ዱቄት፣ የማቴ ቅሌ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ።

ኮይሃይኬ ላይ ሌሊቱን ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል።
ከበግ ሸላቾቹ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ሱፍ ስመዝን ኖሬ
የራሴን ጓዝ ልመዝን ተቀመጥኩ ዛሬ።
ሚዛኗ የእጅ ናት፤ ብረት፣ ባለ መንጠቆ፣
ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ፣ ቁጥሯ በእጅ ወዝ ለቆ።

ጎሚስታው ኒባልዶ በሩን ተደግፎ ይስቃል፤
«ኤዱቪሄስ» ይለኛል፣ «አቀበት ግራም ያውቃል።
ሜዳ ላይ ያልቆጠርሽውን ተራራ ይቆጥርልሻል፤
የጥርስ ብሩሽሽን እጀታ ቁረጪው፣ ጸጉሩ ይበቃሻል።»

ቆረጥኩት በመጋዝ። አራት ግራም ቀነሰ።
ፎጣውን ለሁለት ቀደድኩት፤ ግማሹ ወለል አበሰ።

ሁለተኛ ሹራብ፣ ለምናልባቱ፣ ቢበርድ።
ሁለተኛ ድስት፣ ለምናልባቱ፣ እንግዳ ቢገኝ ከመንገድ።
ሁለተኛ መነጽር፣ የመጀመሪያው ቢጠፋ፣
የጉልበት ቅባት፣ የሆድ ክኒን፣ ነገር ቢከፋ።
ሱፍ ስም አለው፣ ደረጃ አለው፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ፤
ምናልባት በምን ይሰፈራል? ስንት ኪሎ ይመጣ?
ደመርኩት፤ ስድስት ኪሎ ከሩብ፣ ምናልባት ብቻውን፣
ገና ሳልነካ ድንኳኑን።

አንዱን አወጣለሁ፣ አንዱን እመልሳለሁ፤
ሹራቡን ስተው ብርዱን፣ ስይዘው አቀበቱን አያለሁ።
እህቴ ሮሴንዳ ደወለች በእኩለ ሌሊት ተቆጥታ፤
«ሃምሳ ዘጠኝ ዓመትሽንስ የት ልታስሪው ነው?
ከኮርቻው ሥር ተርፏል ወይ ቦታ?»

አልመለስኩላትም።
በጉልበቴ ተጭኜ አየሩን ከድንኳኑ እያስወጣሁ ነበር፣
እንደ ሱፍ ጆንያ እየጠቀጠቅሁ።
ከባዱ ከመሃል፣ ዝቅ ብሎ፣ ከፔዳሉ በላይ፤
የዝናብ ልብሱ ከሁሉ አናት፣ እጅ ሳይፈልግ የሚያገኘው ላይ፤
የእኛ አገር ሰማይ አስጠንቅቆ አይቀደድም።

ሊነጋ ሲል ሁሉ ገባ። ዚፑ ተዘጋ።
ግማሹ ምናልባት ቀረ፣ ተቆልሎ ከአልጋ።

ከሴሮ ካስቲዮ በኋላ ጠጠሩ ይጀምራል፤
ነፋሱ ከፊት መጥቶ እንደ አበዳሪ ኮሌታ ይይዛል።
ወርጄ ስገፋ፣ ትንፋሼ ሲያጥር፣ «ምን ረሳሁ?» እላለሁ፤
ደግሞ አሥር እርምጃ፤ «ምንድን ነው የከበደኝ?» እላለሁ።

ማታ ወንዝ ዳር፣ ድስቴን ስፈልግ፣ ጣቴ ቀዝቃዛ ብረት ነካ።
ሚዛኗ! ከነመንጠቆዋ።
ስምንት መቶ ግራም። ዕቃውን ሁሉ ስትዳኝ አምሽታ
ራሷን ሳትመዘን ገብታለች፣ ከግማሽ ፎጣዬ ጋር ተኝታ።
ለአራት ግራም መጋዝ ያነሳሁት ሴት
ሳቄ አላስተኛኝ አለ እስከ ውድቅት።

ሁለት ሌሊት ድስቴን አንጠለጠለች፣ ከእሳቱ በላይ።
ከዚያ ፖርቶ ሪዮ ትራንኪሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ሱቅ ላይ
ኦርሚንዶ የሚባል ሽማግሌ ድንች በመዳፉ ይመዝናል፤
«የኔው ዝጓል» ይላል፣ «አዲሱ እስኪመጣ በግምት እሸጣለሁ፤
ሰዉም በግምት ይቀየመኛል።»

ሰጠሁት። ምሰሶው ላይ ሰቀላት፣ በጣቱ ጎተታት፤
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ተመልሳ ቆመች ከዜሮዋ፤
አላረጀባትም ሙያዋ።
ሽማግሌው ዞረ፣ ከክቡ አይብ በቢላዋ ገመሰልኝ፣
ሳይመዝን፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

የት ላድርገው? ከረጢቱ ሞልቷል፣ ማሰሪያው አልደርስ አለ።
የዝናብ ልብሴን አውጥቼ ለበስኩ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣
ለአይቡ ቦታ ተገኘ።
ላቤ ጀርባዬን እያጠበኝ፣ እሱ ጥላው ሥር ተቀምጦ ዋለ።