ካቻቢቴ

ሦስት ቀን ደሴ ላይ፣ ከጦሳ እግር ሥር፣
ጉም በመስኮት ገብቶ ከኛው ጋር ሲማር፣
የአለቆች አሠልጣኝ፣ የሥራ ላይ መካሪ
ልሆን ተቀመጥሁኝ፣ የፊት ወንበር ተማሪ።
ሃያ ሁለት ጥያቄ በካርድ ታትሞ፣
"ማዳመጥ" የሚል ቃል በቀይ ተቀልሞ፣
በአቃፊ ሰጡን፤ ሰርተፊኬትም ጭምር፤
"ሰዓዳ" የሚለው በአንድ ፊደል ቢስት፣ ማኅተሙ ሲያምር!

ሐረጎን ስንወርድ፣ መኪናው ሲታጠፍ፣ መልሶ ሲታጠፍ፣
ጆሮዬ ድፍን አለ፤
ምራቄን ብውጥም፣ አፌን ባዛጋውም፣ እንቢ ስላለ
ተውሁት። ረዳቱ "ሂሳብ!" ሲል ከንፈሩን አየሁት፣
ድምፁን አልሰማሁት።
ያን ጊዜ መች ገባኝ።

አቶ ደምሰው ማለት የምርት ክፍል ኃላፊ፣
ጠረጴዛው ሰፊ፣
እጁ እስክሪብቶ ላይ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ።
ካርዴን ዘረጋሁት፤ ጀመርሁ ከላይ፦
ግብዎ ምንድን ነው? አሁን የት ነዎት?
መቼ ይጀምራሉ? ማነው የሚረዳዎት?
መልሱ እንደ ሪፖርት ነው፣ ሁሉም በመቶኛ።
ትንፋሽ ሊወስድ ሲል ቀደምሁት በሁለተኛ፣
ዝምታ ብቅ ሲል፣ ሌባ እንዳየ ሰው
በሌላ ጥያቄ ጮኬ አባረርሁት፣ ወጣ ሳልጨርሰው።
በመጨረሻ ላይ "ጥሩ ነው" አለኝ።
የኛን አገር ሰው "ጥሩ ነው" ለሚያውቅ፣
ቀስ ተብሎ የሚዘጋ በር ነው፣ ድምፁ እንዳይታወቅ።

መውጫዬ በሽመናው ክፍል ነው። አሥራ አራት ቁጥር ድምጿ ታሞ፣
ልጆች ከበዋታል፣ አንዱ መፍቻ ይዞ፣ አንዱ መዶሻ ተሸክሞ።
ሙሄ መጡ ቀስ ብለው፣ የጥጥ ብናኝ ጢማቸው ላይ፣
"አታጥፏት" አሉ፤ "እየሠራች ነው የምትታይ።"
ካቻቢቴ አወጡ፤ ጫፉን ከብረቷ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ገጥመው፣
ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ቆዩ፣ እኔን እስኪያፍረኝ ቆመው።
"ኩሽኔታው ነው" አሉ፤ "ያውም የታችኛው።"

እንዴት አወቁ? ብዬ ጠየቅኋቸው።
"ማኑዋሉ ጣልያንኛ ነው፤ እኔ አላነበውም፣
እሷ ግን ትናገራለች፤ ማንም አይሰማትም።
ልጆቹ ይቸኩላሉ፣ ደህናውን ፈትተው፣
አሳመው ገጥመው፣ ያድራሉ ተክዘው።
አብሽሪ የኔ ልጅ፤ ለመፍታት አትቸኩይ፣
መፍቻ የትም አይሄድም፤ አስቀድመሽ ጆሮሽን አቆይ።"

በሳምንቱ ሰኞ ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ተውሁት።
"ዛሬ ምን ይዘው መጡ?" ብቻ ብዬ፣ ዝም አልሁት።
ምላሴን ነከስሁ። ደጅ ፎርክሊፍት ያልፋል።
የግድግዳው ሰዓት እንደ ድንጋይ ፈላጭ ይቀጠቅጣል።
አንድ ደቂቃ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
ሁለት።
ሦስት ላይ ድምፁ ተለወጠ፦
"ዘይነባ ጎረቤቴ ናት። የቅነሳው ጊዜ
ደብዳቤዋን የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ወረቀቴ።
ሃያ ዓመት ባንድ አጥር፣ በእድር፣ በሐዘን በደስታ፣
ዛሬ ታልፋለች በበሬ፣ ሳትሰጠኝ ሰላምታ።
ምርቱ መች ጠፋኝ? በመቶኛውን አውቀዋለሁ፣
ማታ ማታ ግን ያንን ፊርማ እንደገና እፈርመዋለሁ።"

ምንም አላልሁም። መልስም አልነበረኝ።
ኩሽኔታው ግን፣ የታችኛው፣ ተሰማኝ።

ከደሴ ቅጽ መጣ፦ በሩብ ዓመቱ ምን አነበቡ? ከማን ተማሩ? ስንት ሰዓት?
ጻፍሁ፦ መጽሐፍ፣ አንድ ማሽን። መምህር፣ ሙሄ። ሦስት ደቂቃ፣ ያውም በጭንቀት።
አስተባባሪዋ ደወለች፦ "ሙሄ ከየትኛው ተቋም ናቸው?"
"ሽመና ክፍል፣ የማታ ፈረቃ ነው ተቋማቸው።"
"እሺ" አለች። ቅጹን ግን መለሰችው።

ሐረጎን ስወጣ፣ ከሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
ጧ! አለ ጆሮዬ፤
ሞተሩ፣ ረዳቱ፣ ከኋላ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሁሉም ባንዴ ገባ።
ደምሰውን ግን ገና ሰላም አላለችውም ዘይነባ።
ሰኞ እንገናኛለን።