ቀይዋ ኮከብ

ከካስትሮ ከተማ፣ ከትምህርት መምሪያው፣
አዲስ ቅጽ መጣልኝ፣ ወረቀት የሌለው።
«ከእንግዲህ» ይላል ደብዳቤው ሲጀምር፣
«የወላጅ ፈቃድ በስልክ ነው የሚሰፍር።»
እኔ ኤርሜሊንዳ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣
ሃያ ስድስት ክረምት የሰው ቃል አሳላፊ፣
እሺ አልኩ። ምን ላድርግ? ደመወዜም ያው
በዚያው መስመር በኩል በወር አንዴ ነው።

የድሮ ፈቃድ ግን ሽታ ነበረበት፤
አንዱ የምድጃ ጭስ፣ አንዱ ዛጎል ሲሸት፣
አንዱ ላይ የድንች አፈር፣ አውራ ጣት ያረፈበት።
ዶኛ ክሌሜንሲያ ፊደል ስላልቆጠረች
መስቀል ብቻ አስምራ ለልጇ ሰጠች፣
«እቺ መስቀል እኔ ነኝ» ብላ አስጻፈች።
ዶሴው ውስጥ አለች ዛሬም፤ አልተሠረዘች።

ጉዞው ወደ ፖርቶ ሞንት ነው፣ ባሕር ተሻግሮ፣
«ሙዚየም ጉብኝት» ይላል ቅጹ አሳምሮ፤
ልጆቹ ግን ሌላ ነው ሌት ተቀን የሚያወሩት፦
የገበያ አዳራሹ ደረጃ፣ ቆመው የሚወጡት፣
ራሱ የሚሄድ። አንዳቸውም አላዩት፤
ካየው ሰው የሰማ ዘመድ ነው የማለበት።

ኔትወርክ የሚገኘው መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፣
ዝናቡ ሲያባራ፤ ያውም ካባራ ነው።
እናቶች ጃንጥላ ይዘው በመስቀሎች መሐል
ስልክ ወደ ሰማይ ያነሣሉ፤ ያኔ ይገባል።
አንቀጹስ? ሠላሳ ገጽ! ማን ያነበዋል፤
እኔም አራተኛው ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል።
«እሰማለሁ» አይልም፤ አንዲት «ማ» አክሎ
«እስማማለሁ» ይላል፣ ችኩል ጣት ተቀብሎ፤
«ማ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ማን እንደሰማ፤
የተስማማ ሞልቷል፤ የት አለ የሰማ?

ሃያ ሁለት ስም አረንጓዴ ለበሰ፤
አንዱ ግን፣ የማይቴ ጉዌንቴዮ፣ አልደረሰ።
ከስሟ ጎን ቀይ ኮከብ፣ እንደ ዘበኛ ቆማ፣
«ይህ ቦታ ግዴታ ነው» ትላለች ደጋግማ።
እናት የላትም ልጅቷ፤ አባቷ አብዶን
ጠላቂ ነው፤ ከባሕር ሥር መረብ ሲጠግን
ይውላል፣ ለሳልሞን ኩባንያ። ስልኩ ሰምጦ
ከርሟል። ሐሙስ ማታ፣ ከነጎማ ልብሱ መጥቶ
ቢሮዬ ቆመ፤ ወለሉ ኩሬ ሆነ።

ስልኬን ሰጠሁት። ጣቱን አሳረፈ። ምንም።
ደገመ። ምንም። ዐሥሩንም ሞከረ። ምንም።
ሠላሳ ዓመት ጨው ያኘከው፣ መስመሩ ያለቀ ጣት፣
መስታወቱ እንደ ጓንት ቆጠረው፣ እንደ እንጨት።
«ባሕሩ ያውቀኛል» አለኝ እየሳቀ፣
«ይኸኛው ግን ካደኝ፤ ሰው መሆኔን ናቀ።»
በአፍንጫውም ሞከረ። እውነቴን ነው። በአፍንጫው!
አንዲት ነጥብ ወጣች። «ፊርማ አይደለም» አለው።

ማይቴ ከምድጃው ጥግ ተነሥታ መጣች፣
ምንም ሳትናገር ጣቷን ዘረጋች።
በትልቅ መዳፉ ያዛት፣ ልክ እንደ ብዕር፣
ስሙን ጻፈባት፣ ቀስ ብሎ፣ ምላሱን ነክሶ፣ በክብር።
ኮከቧ ጠፋች።

እንግዲህ ማን ፈረመ? ፈቃዱ የአባት፣
ጣቱ የልጅ። ምናልባት ሠላሳኛው ገጽ መልስ አለበት፤
አላነበብኩትም። «ይላክ» የሚለውን ተጫንኩና
መሳቢያዬን ሳብኩ፣ ልማድ መራኝና፣
ወረቀት አወጣሁ። አብዶን አውራ ጣቱን
ጥቀርሻ አስነክቶ አተመው፤
ጥቁር ክብ፣ መስመር የሌለው፣ ልሙጥ።
ከክሌሜንሲያ መስቀል ጎን አኖርኩት።
ማንም አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ ጀልባው ላይ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ሞሉ።
ሲመለሱ ጠየቅኋቸው።
ደረጃው? ተበላሽቶ ኖሮ፣ በእግራችን ወጣን አሉ።