የአዛናው ዘር

"ዘር የለውም" ይሉት ነበር የአዘዞ ሰው ልብስ ሰፊውን፣
ሳያዩ የክብሪት ቀፎ፣ በደረት ኪሱ ያዘለውን።
ሰባት ፍሬ ቆጥሮ ሰጠኝ፣ በመርፌ ጫፍ እያነሣ፤
"ይኸ ቃሪያ አያቃጥልም። ግን አደራ፣ እንዳትረሳ፦
ከሚጥሚጣ ጎን አትዝራው፤ ንብ ወሬ ታመላልሳለች፣
የጎረቤት እሳት ጭራ እዚህ ቤት ታቀጣጥላለች።"

ጨጓራው ከበርበሬ ጋር ከተኳረፈ ጀምሮ፣
ጎንደር ለሠርግ ሲወጣ እንኳ፣ ቃሪያውን በመሐረብ ቋጥሮ።

በዱቄት ወተት ጣሳ የድማዛን ደለል ሞልቼ
ሰባት ዘራሁ፤ አራት ቀረኝ፣ ሦስቱን በዶሮ ተቀምቼ።
ሲያብብ፣ ከስፌቱ በተረፈ ሻሽ ከንብ ሸፍኜ አሰርሁት፤
ሦስቱን። አራተኛውን ረሳሁት።
የአዛናው ቀብር ዕለት ነበር።

ዘንድሮ፣ ከዚያ ከረሳሁት ዘር የበቀለውን ገመጥሁ፤
ምላሴ ነደደ፣ ዓይኔ ፈሰሰ፣ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።
ንቧ ወሬውን አድርሳለች።

የሦስቱን ዘር ግን፣ የጣፋጩን፣ በክብሪት ቀፎ ይዣለሁ፤
"ዘር የለውም" ያለ ሁሉ ይምጣ፤
ሰባት ሰባት እሰጠዋለሁ።