ከግማሽ በላይ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ከካፊያው ጋራ፣
በበሬ ሥር ገባ ወረቀት፣ ማኅተሙ ኮስታራ።
«ወይዘሮ ሊዮኒልድ፣ የፒያኖ ቃኚ፣
መዝገብሽን አየን። ከአምናው ገቢሽ ውስጥ
ከግማሽ በላዩ ከአንድ ደጅ የመጣ ነው።
በሕጉ መሠረት ጥገኛ ተብለሻል።»

ጥገኛ።
ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ለባዶው ወጥ ቤት።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቁልፌንና የድምፅ ሹካዬን በአንድ ቦርሳ አዝዬ
በኮይምብራ ዳገት ስወጣ ስወርድ፣ የማንም አይደለሁ ብዬ!
እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ቢባል፣
እኔ አምስት ወጥቻለሁ፤ ፍሬው ቢያንስም ይበላል።

ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ አሥራ አራት ፒያኖ፣
ሁሉም በልጆች ጣት የደነዘ፣ ሁሉም ልቡ ባክኖ።
ከባቡር ጣቢያው ፊት የአቶ ኤርሚኒዮ ሆቴል ነበረ፤
ፒያኖው ክዳን ላይ ጠርሙስ እየደረደረ
«ቀስ በይ፣ ይሰበራል» ይለኛል ስቃኝ።
ደግሞ የዳንሱ ቤት። ደግሞ መነኮሳቱ፣ በማርማላታ የሚከፍሉኝ።
ደግሞ እማማ ፌሊስሚና፣
ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልነካውን
በዓመት ሁለት ጊዜ የምታስቃኘውን፣
«ቢመጣስ?» እያለች፣ እንደ ቀልድ፣ ፈገግ ብላ።
ለእሷም አረንጓዴ ደረሰኝ ቆርጫለሁ
(አረንጓዴው ከቀረ ቆየ፤ በስክሪን ነው አሁን፤
ስሙ ብቻ ነው የተረፈ፣ ቀለሙ ከሄደ በኋላ)።

ታዲያ ምን ሆነ? ሆቴሉ ፒያኖውን ሸጠ።
ዳንስ ቤቱ ከስልክ በሚወጣ ዜማ መጨፈር መረጠ።
ማርማላታ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።
እማማ ፌሊስሚና በሚያዝያ አረፈች።
እኔ ወደ አንዱ አላጋደልኩም፤
የቀሩት ናቸው ከሥሬ የሸሹ፤ ሚዛኗ ናት የቀለለች።

ሐሙስ የትምህርት ቤቱ ሹም፣ ዶክተር አቢሊዮ፣ ደወለ።
ድምፁ ከወትሮው ግማሽ እርከን ዝቅ አለ።
«መዋጮሽ በእኛ ላይ ወደቀ። ሌላ ደንበኛ ፈልጊ፣ እስከ ገና፤
ካልሆነም ደረሰኙን በእህትሽ ስም አድርጊው፣ ማን ያውቅና።»
እህት የለኝም አልኩት።
ዝም አለ። ከጀርባው አንድ ልጅ ስኬል ይለማመዳል፤
ሦስተኛዋ ቁልፍ ተንሸራታለች፤ ለእኔ ብቻ ይሰማል።

የሙያዬን ጉድ ልንገራችሁ፣ ከደንበኛ የደበቅሁትን፦
ከአንድ ድምፅ ተነሥቼ፣ ንጹሑን አምስተኛ እየረገጥኩ፣
አሥራ ሁለት ጊዜ ወጥቼ፣ ቤቴ ደረስኩ ስል፣ ቤቴን አለፍኩ።
ጥቂት ናት የምትተርፈው፤ የፀጉር ስንጣቂ።
የትም አትጠፋም። ሙያው እሷን ማጥፋት አይደለም፤
ለአሥራ ሁለቱ ማካፈል ነው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እንዲዋሽ፣
አንዱ ብቻ እንዳይሆን አስጨናቂ።

እኔም ኑሮዬን እንዲያ ነበር የቃኘሁት፤
ጎዶሎዬን በአምስት ደጅ በትኜ፣ ማንም ሳይሰማ ያኖርኩት።
አራቱ ደጅ ሲዘጉ
ትራፊዋ ተሰብስባ በፖስታ መጣች፣ በስሜ፣ በሕጉ።

የሴይራ ወንዝ ሞንዴጎ ውስጥ ይገባል፤ ገባር ይባላል በካርታ።
ገባር ነው፣ አዎ። ግን እስከ መጨረሻዋ ክንድ ድረስ
ሴይራ ነው ስሙ፤ ጥገኛ ያለው የለም፣ በየትም ቦታ።

ዓርብ ግብር ቤት ዋልኩ። ግብር ግን አልበላሁም።
ማሽኑ ተበላሽቶ ወረፋው በእጅ ደወል ነው የሚጠራ፤
የመዳብ ደወል፣ አፉ የተሰነጠቀ፣ እንደ ጉንፋናም የሚያጓራ።
ቁጥሬ ዘጠና አንድ ነው።
ወጣቱ ጸሐፊ ቀና ሳይል፦ «ለመሆኑ ለማን ነው የምትሠሪው?»
«ደወላችሁ ወርዷል» አልኩት። «ከንፈሩን ትንሽ ሞረድ ቢነካው
ይመለሳል። ማነው የሚቃኝላችሁ?»
ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። ጣቱ ከቁልፎቹ በላይ ተንሳፎ ቀረ።
«ስንት ታስከፍያለሽ?» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።
ልመልስለት አፌን ስከፍት
ከጎኑ ያለችው ዘጠና ሁለትን ጠራች።