አሥራ ሦስት ማልያ

ያንን ጨዋታ እኔ ያየሁት ሰኞ ነው፤ በባልዲ።

ቅዳሜ ስካርቶርፕ በአውቶቡስ ሲነጉድ፣
ጉድጓድ የሚወርደው ልጁን አዝሎ ሲሄድ፣
የእኔዋን ኩፍኝ ይዟት ከቤት ዋልኩ፤
ግማሽ ፍጻሜውን በግድግዳ አዳመጥኩ፦
ከጎረቤት ራዲዮ ሆታ፣ ከዚያ ዝምታ፣
ከዚያ የሚስተር ፕላት እርግማን፣ የወንበር ኳኳታ።

አሥራ አንድ ለአሥር ስንመራ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣
የወደቦቹ ክንፍ ሾለከ ባንዲት ክፍት በር፤
ትራይ። አሥራ ሦስት ለአሥራ አንድ። ዌምብሊ ቀረ።
ከዚያች ምሽት ወዲህ ከተማው አንድ ስም ቆጠረ፤
ዊልፍ ሃክስቢ፣ አሥራ አንድ ቁጥር።
«በሩ የሱ ነበር» አሉ፣ «እሱ ነው የከፈተው፤
ቆሞ አሳለፈው እኮ፣ እጁን እንኳ ሳይሰደው!»

ጆንያው ሰኞ ማለዳ መጣ፣ በሁለት ሰው ጫንቃ፤
የመታሻ ቅባት፣ ላብ፣ የሰነበተ ጭቃ።
ለአንድ ጆንያ አሥራ ሁለት ሽልንግ ነው፤ ሳሙናው ከእኔ።
አንድ ባንድ ዘረጋሁ፣ እንደ ደብዳቤ አነበብኩ፤
ሌላው ኳሷን ያያል፣ እኔ እድፍ ማንበብ ተማርኩ።

ስምንት ቁጥር፣ ግራ ትከሻው እስከ ስፌቱ ተተርትሯል፤
ሁለት ቁጥር፣ ክርኑ ላይ የመስመር ኖራ ተጣብቋል፤
ዘጠኝ ቁጥር ደም። የአፍንጫ ነው፣ ጠብታው ክብ ክብ፤
ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ይፈልጋል፣ በሙቅ አይታጠብ።

አሥራ አንድን ስዘረጋው ማልያ መሆኑ ጠፋኝ፤
ሜዳው ነው የመጣልኝ፣ ከነሣር ከነትሉ ታየኝ።
ደረቱ ጭቃ፣ ብብቱ ጭቃ፣ ክሳዱ ጭቃ፤
ጀርባው ላይ ግን፣ ከቁጥሩ በላይ፣ ስድስት ቀዳዳ፣
የጫማ ጥርስ ነው፣ ክብ፣ አንድ ሙሉ እርምጃ።
እጄን በቀዳዳው አስገብቼ ትንሽ ቆየሁ።
ሰውየው አንዱን ጥሎ፣ ከሥሩ ተኝቶ ነበር፤
ክንፉ በላዩ ረግጦት ነው ያለፈው፣ እንደ ደፍ፣ እንደ በር።
ቆሞ ያሳለፈ ሰው
ጀርባው አይረገጥም።

የመጨረሻው ስድስት ቁጥር፤ የላይኔል አክሮይድ፣ የሁላችን ዓይን፤
ባዶውን ቦታ መዝጋት የነበረበት ጎረምሳችን።
ነጩ ነጭ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ፤
አንገቱ ዙሪያ የፀጉር ቅባት። ሌላ ምንም።
አርብ ማታ በካውያ ያወጣሁለት እጥፋት
እጅጌው ላይ እንዳለ ነው፣ አልጠፋም።
«ንጹሕ ነው» አልኩ ለብቻዬ። ቃሉ አፌ ውስጥ ተሰበረ፤
ከአሥራ ሦስቱ ንጹሕ ያልነበረ እሱ ብቻ ነበረ።

ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው፤ አጠብኩ።
ሁሉንም አንድ ገመድ ላይ ሰቀልኩ።
ነፋስ ሞላባቸውና ደረት ነፍተው ቆሙ፤
ማን ወድቆ ማን ቆሞ እንደ ዋለ አንድ ድምፅ ሳያሰሙ።

አክሮይድ መጠጥ ቤት ከፈተ፤ ፎቶው ከባንኮኒው በላይ፤
ሃክስቢን ልጆች «በሩን ዝጋ!» ይሉታል ፌርማታ ላይ፤
እነሱም አድገው ልጆቻቸው።
እኔም ያን ሁሉ ዓመት ዝም።
የጆንያው ገንዘብ የቤት ኪራይ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ኅዳር ቀበርነው። ንግግር ያደረገው አክሮይድ ነው፤
ድምፁ ያምራል አሁንም። ሰዉ አለቀሰ።
እኔ የማስበው ሥጋ ቤቱን ነበር፣ የዛሬ ስንት ዓመት፣
ኩላሊት ሊገዛ ወረፋ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣
እኔ ከኋላው። ያ ሰፊ ጀርባ
አፍንጫዬ ሥር ሆኖ እንዴት ዝም ልበል?

«ዊልፍ» አልኩት፣ «ጀርባህ ዳነ ወይ?»

ዞሮ አየኝ። ብዙ ጊዜ። ሚዛኑ ላይ ሥጋው ተረሳ።
ምንም አላለም። ኮፍያውን ብቻ አነሳ።