ወዲህ

ሻርጃ፥ ሦስተኛ ፎቅ። ውጭው አስፋልት ያቀልጣል፥
ውስጡ ጋቢ ያስመኛል፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይዘልቃል።
እኔ በሰዓት ተከፋይ፥ ቃል አሻጋሪ ነኝ፤
ላልጨምር፥ ላልቀንስ፥ ቀኝ እጄን አስነሥተው ያስማሉኝ።

ከጎኔ የሻረግ እንድሪስ፥ ሽቅብ የማይል እጅ
በደህናው እጇ ታቅፋ፥ እንዳንቀላፋ ልጅ።

በጭምብሉ ዘመን፥ ከቤቱ ሰው ጋራ ቆማ ተከተበች፤
በሦስተኛው ሌሊት፥ ክንዷን እንደ እርጥብ አንሶላ አንጠልጥላ ነቃች።
ከዚያ መስታወት መወልወል ቀረ፥ ቁም ሳጥን ላይ መድረስ ቀረ፤
ደመወዙም ቀረ። ቲኬት ተቆረጠላት። እሷ አልሄደችም፤
ክሷ መዝገብ ላይ አደረ።

ቋንቋችን ጉድ ነው፤ መክተብ መርፌም ነው፥ መጻፍም፤
እሷን በደቂቃ የከተበ እጅ፥ ሕመሟን ግን አልከተበም።

የሐኪሞቹ ቃል ተነበበ፤ አራት ገጽ፥ አንድ ማኅተም፦
ከመርፌው ሊሆን ይችላል፤ ከመርፌው ላይሆንም፤
ምናልባት የዓመታት ምንጣፍ፥ ምናልባት የጋዝ ሲሊንደር፥
ምናልባት ተኝታበት፥ ምናልባት ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር።
እዚህ አገር ስፖንሰር የማያሻው «ምናልባት» ብቻ ነው፥
አልኩ በልቤ።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ።
«ክንድሽ የተያዘው፥ ከተወጋሽ ወዲህ ነው?
ወይስ ስለተወጋሽ?»

አየኋት። ምላሴ ላይ ሁለት ቃል ተቀምጧል፤
አንዱ የሦስት ዓመት ደመወዝ ነው፥ አንዱ ሜዳ ላይ ያስቀራል።
«ስለ» ብትል አደርሰዋለሁ፤ ባትልም፥ ማን ይሰማኝ ነበር
በዚያ አዳራሽ፥ ሁለቱን አፍ አጥርቶ፥ ከላይኛው በቀር?

እሷ አሰበች፤ ረጅም፤
በአንድ እጁ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው።

«ጌታዬ፥ መርፌ አልጠላም። እህቴ በኩፍኝ ነው ያለፈች፥
መርፌው እኛ መንደር ሳይደርስ፤ ስድስት ዓመቷ ነበረች።
ከሷ ወዲህ ወንድ ተወለደ፤ እናቴ ካሳ አለችው።
ካሳ ደግ ልጅ ነው፤ ጁምዓ ሳይደውል አያልፍም፤
ግን ከሷ ወዲህ መጣ እንጂ፥ በሷ ፋንታ አልመጣም።
ክንዴም እንደዚያው፥ ወዲህ ነው። ስለማላውቀው አልምልም።
ወዲህም ቢሆን ግን ክንዴ ነው፤ ልብስ አላጥብበትም።»

ወዲህን በአረብኛ «ባዕድ» ይሉታል።
እንዳስማሉኝ አልኩት፦ ባዕድ።
ጸሐፊው ቀና ሳይል ከተበው፤
ለጆሮዬ ግን እሷን በስሟ የጠራሁ መሰለኝ፤
እሷን፥ ከዚያም ቀስ ብሎ እኔን።

ቀጠሮው ከረመዳን ወዲህ ተባለ።
እሱም ባዕድ።

ከፎቁ ወረድን። ሮላ ፌርማታ፥ የባሕሩ ንፋስ ሻሿን ፈታው፤
በአንድ እጇ ሞከረች፥ ሦስቴ፤ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ።
ሰዓቴ አልቋል፤ የሚከፍለኝ የለም።
ጫፉን ያዝኩላት፤ ሌላውን እሷ ሳበችው፤
ቋጠሮው ትንሽ ጠመመ፤ ተወችው።

ስልኳ ጮኸ። አየችው። አላነሣችውም።
«ካሳ ነው» አለችኝ፤ «ከጠዋት ጀምሮ ሲደውል ነው የዋለው።
ምን ልበለው?»

አውቶቡሱ መጣ።