ገጽ ለገጽ

የስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ኦሉ፣ ከወደቡ በላይ፤
የሰው ገበና ነው ቀኑን ሙሉ የማይ።
«መስታወቱ ነቃ» ብሎ ገጹን ከፍቶ ሲሰጠኝ
ቤቱን ነው ደንበኛዬ ሳያውቅ የሚያስጎበኘኝ።
አንዱ የከመረው፣ ሰባት ገጽ ሞልቶ፣
ሺህ ያልተነበበ፣ ቀይ ነጥቡን ትቶ፤
ሌላው ባዶ ሜዳ፣ ሰዓት ብቻ ሰቅሎ፣
የቀረውን ሁሉ ጓዳ ውስጥ ጠቅልሎ።

ሂልካና ታርሞ ግን ለብቻ ናቸው ለኔ፤
ድሮ በፋብሪካው አብረው ሠርተዋል ከጎኔ፣
አዝራር ያለው ስልክ ስንገጥም፣ ስንፈታ፣
ሦስታችን በአንድ ፈረቃ፣ ጠዋትም ማታ።
ፋብሪካው ተዘጋ፤ መስታወት አዝራሩን በላ፤
እሷ ለአይፎን፣ እሱ ለአንድሮይድ አደላ።

የሂልካ መነሻ ገጽ ሰልፍ ነው፣ የሰንበት፣
ጥግ ጥጋቸው ክብ፣ እኩል የቆሙበት፤
ከታች፣ አውራ ጣት ሥር፣ አራቱ ባለሟል፦
ስልክ፣ መልእክት፣ ካሜራ፣ ካርታ። ማን ይነቀንቃል?
«ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ጣቴ መንገድ አይስት፤
ቤት ማለት እንዲህ ነው፣ ማንኪያው ከማንኪያ ቤት።»

የታርሞ ገበያ ነው፣ ዝናብ የበተነው።
ሰዓቱ እንደ ገበታ የሰፋ፣ ደመናው የሚንሳፈፍ፣
የባሕሩ በረዶ ውፍረት በየሰዓቱ የሚጻፍ፤
ጀርባው ያጠመደው ዓሣ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣
የባንኩ ምልክት ደግሞ ከጥርሱ መሐል ተከቶ።

«ያንቺ» ይላታል «ሆስፒታል ነው፤ አልጋው እኩል፣ ነጭ፣ ዝም።»
«ያንተ» ትለዋለች «ጋራዥ ነው፤ መዶሻው እንኳ አይገኝም።»
እኔ መሐል ቆሜ፣ መፍቻ በእጄ፣ እስቃለሁ፤
ቤት የሚመታ የሷ ነው፣ ስድ ንባብ ነው የሱ፣ እላለሁ።

የካቲት ላይ ተወራረዱ።
«ሰባት ቀን እንለዋወጥ፤ አንተ እኔ ቤት፣ እኔ አንተ ጋ፤
መጀመሪያ የጠፋበት ዕቃ ያጥባል እስከ በጋ።»

ገና በዚያው ቀን፣ መሸት ሲል፣ የረጋው ባሕር ላይ፣
ለዓሣ ከሰረሰረው ቀዳዳ አጠገብ፣ ታርሞ አንሸራተተው።
ጭኑ ቀጭ አለ፣ እንደ ጭራሮ።
ነፋስ። ሰው የለም።
ሂልካ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ የሱን ስልክ ከፈተች።
ሰዓት አለ። ደመና አለ።
«የበረዶው ውፍረት፣ አርባ ሁለት ሳንቲም» አለ።
ዓሣው አፉን ከፍቶ አያት።
የት አባቱ አኖረው፣ መደወያውን?
ወደ ግራ ገፋች፤ የጀልባ ሞተር ዋጋ።
እንደገና ገፋች፤ የሆኪ ውጤት።
እንደገና፤ ገጹን የሞላ አንድ ክብ ነገር፤
ጣቷ ደንዝዟል፣ ዓይኗ አንብቷል፣
ምን እንደሆነ ሳትለይ ነካችው—

ጠራ።

እዚያው፣ ከእግሯ ሥር፣ ከታርሞ ደረት ኪስ ውስጥ
የገዛ ስልኳ ጠራ።
ክቡ የሷ ፊት ነበር፤
ከሰዓቱ የሚበልጥ፣ ከዓሣውም፣ ከደመናውም፤
አንዴ ሲነኩት፣ ሳይጠይቅ፣ ወደሷ የሚደውል።
ታርሞ በጀርባው እንደተጋደመ፣ ጥርሱን ነክሶ፦
«ላንሳው ወይ?»

ከዚያ ስልኳን አወጣ፣ በዓይኑም አላየው፤
አውራ ጣቱን ወደ ታች፣ ወደ ግራ ላከው።
መደወያው እዚያው ነበር፣ ማንኪያው ከቦታው፤
የአምቡላንሱ ፉጨት ቀደመ ጨረቃው ሳይወጣ።

በወሩ መጡ፣ እሱ በክራንች፣ እሷ ቦርሳ ይዛለት፤
ሲወድቅ ከኪሱ ውስጥ መስመር ወጥቶበታል ያ መስታወት።
«ነቃ» አለችኝ።
ብቻውን አይደለም፣ አልኩ፣ በሆዴ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ስለ ዕቃው ይካሰሳሉ፤
«የጠፋብሽ አንቺ ነሽ!» «የወደቅከው አንተ!» ይላሉ።
እኔ አዲሱን መስታወት ገጥሜ ስልኩን አበራሁ፤
የሂልካን ሰልፍ ላረጋግጥ ረድፍ በረድፍ ቆጠርኩ፦
አራት።
አራት።
አራት።
ሦስት።
አንዱን ምልክት አንስታለች፤ ቦታው ባዶ ቀርቷል፤
በባዶው መስኮት ከኋላ የታርሞ አፍንጫ ይታያል።